በበልግ ተራራ ላይ የመመለስ ውሳኔ ለመንገድ መሪው ይተው

ግልጽ ደብዳቤ

በሰሜን ሸዋ ተራሮች የእግር ጉዞን ለምትፈቅዱ፣ ለምታደራጁና ለምትቆጣጠሩ የሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከአንኮበርና ከጣርማበር አፋፍ ጀምሮ እስከ መንዝ ጓሳና እስከ አቡዬ ሜዳ ድረስ የእግር ተጓዦችን የምንመራ መንገድ መሪዎች፣ ጓዛቸውን በበቅሎና በፈረስ የምናጓጉዝ ነጂዎች እና ስንቃቸውን የምናበስል ሠራተኞች ነን። ለመጻፍ ያስገደደን ለዘንድሮው የበልግ መግቢያ ጉዞ በስብሰባ ላይ የተነገረን ውሳኔ ነው። ውሳኔው በመርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈው መዳረሻ ሳይደርስ ተጓዦችን ይዞ የተመለሰ መንገድ መሪ የቀሪዎቹ ቀናት አበል እንደማይከፈለው፣ ነጂዎችም ጭነቱን ባደረሱበት ርቀት ልክ ብቻ እንደሚከፈላቸው ይደነግጋል። በጽሑፍ እንዲሰጠን ጠይቀን እስከ ዛሬ አልደረሰንም፤ ሥራ ላይ መዋሉን ግን ከተቀነሰው ክፍያችን ዐውቀናል።

የውሳኔው መነሻ አንዳንድ ጉዞዎች ያለ በቂ ምክንያት ተቋርጠዋል የሚል የተጓዦች ቅሬታ እንደሆነ ተነግሮናል። እንዲህ ያለ ቅሬታ ካለ ጉዳዩ በስም ተለይቶ ይጣራ፤ አጥፊ ከተገኘም ይጠየቅ። እኛ የምንቃወመው በየካቲትና በመጋቢት ሰማይ ሥር «እንመለስ» ማለት በገንዘብ የሚያስቀጣ ጥፋት መደረጉን ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት ጉዞው ተቀዛቅዞ ገቢያችን ምን ያህል እንደተመናመነ ታውቃላችሁ። ቤተሰቡን በዚያ አበል የሚያስተዳድር ሰው የጠቆረ ደመና እያየ ወደ ላይ እንዲወጣ መገፋት የለበትም። ዛሬ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን ሰው ይሞታል፤ ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም፣ ለሞት የተቃረቡ ሰዎችን ከተራራው ያወረድነው እኛ ስለሆንን ነው።

የበልግን ጠባይ ከተራራው ርቆ ላለ ሰው መገመት ስለሚያስቸግር በመጠኑ እናስረዳ። በልግ በአገራችን የአየር ትንበያ አከፋፈል ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ወቅት ሲሆን፣ ዝናቡን በዋናነት የሚያመጣው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር የሚነሣ እርጥበት አዘል ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ ከምሥራቅ በኩል የአፋርን ቆላ አቋርጦ የሸዋን አፋፍ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመው እርጥበትም መጀመሪያ ጉም፣ ቀጥሎ ዝናብ ወይም በረዶ ይሆናል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር በመኪና የወጣ ሰው ከታች በጠራራ ፀሐይ ተነሥቶ ከጣርማበሩ የመኪና መንገድ ዋሻ ሲደርስ መብራት ለማብራት የተገደደበትን ቀን ያስታውስ ይሆናል። በእግር የሚሄደው ተጓዥ ያንኑ ጉም የሚገናኘው ገደል አፋፍ ላይ ነው።

የክረምት ዝናብ ቢያንስ ወሩ የታወቀ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንደሚዘንብ ታምኖበት ስለሚገባበት የሚጠነቀቀው ሰው ብዙ ነው። በልግ ግን አንዳንድ ዓመት በየካቲት መጀመሪያ ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት እስከ መጋቢት መጨረሻ ይዘገያል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጨርሶ ይቀራል። በበልግ ገብስ የሚተዳደረው የመንዝ ገበሬ ዘሩን ይዞ ሰማይ ሰማዩን የሚያየው ለዚህ ነው። እናንተ ግን የጉዞውን ቀን፣ የየዕለቱን ርቀት፣ የምሳውን ቦታ ሳይቀር ከወራት በፊት ትወስናላችሁ፤ ከተወሰነ በኋላም አንድ ቀን ወደፊት ወይም ወደኋላ ማድረግ እንደ ዲሲፕሊን ጉድለት ይቆጠርብናል።

በአንድ ቀን ውስጥ ያለው መለዋወጥም ከዚህ አያንስም። ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያነጋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ያንሸራትታል። 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች፣ ተጓዡም ሹራቡን አውልቆ በበቅሎዋ ጭነት ላይ ያስራል። 5 ሰዓት ላይ ከአፋፉ ማዶ ነጭ ደመና ብቅ ብቅ ይላል። ከ7 ሰዓት በኋላ ያው ደመና ጠቁሮ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ሹራቡ የታሰረባት በቅሎ ግን ያን ጊዜ በአቋራጭ ቀድማ ወደ ማደሪያው ሄዳለች። በየቀኑ እንዲህ ይሆናል አንልም፤ በልግ በገባበት ሰሞን ግን ደጋግመን የምናየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት ከሁሉ የሚቀድመው ዝግጅት የሰዓት ዝግጅት ነው። በማለዳ ተነሥቶ ከፍተኛውን ጋራ ከ5 ሰዓት በፊት ማለፍ፣ ከ7 ሰዓት በፊትም ከገላጣው ጫፍ ወርዶ መገኘት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አቤቱታችን ከዚሁ ይነሣል። በመርሐ ግብራችሁ ላይ ምሳ የሚበላው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ከጋራው ጫፍ ላይ ነው፤ ቦታው የተመረጠው ለፎቶግራፍ ስለሚያምር እንደሆነ ተነግሮናል። ማማሩን እኛም አንክድም። ነገር ግን በዚያ ጫፍ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነገር ቢኖር አልፎ አልፎ የቆመ ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻ ነው፤ መብረቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከአካባቢው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ በሴኮንድ ቆጥሮ ለ3 ማካፈል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይነግራል። ቆጠራው 30 ሳይሞላ ድምፁ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ጫፉን ለቅቆ መውረድ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ከብቸኛ ዛፍ ሥር፣ ከጅባራ አጠገብ ወይም ጥልቀት ከሌለው የዋሻ አፍ መጠለል አደጋ ነው፤ ብዙ ሰው ሲደናገጥ ሮጦ የሚገባው ግን እዚያው ነው። በአንድ ቦታ መታጎርም አይገባም፤ ተራርቆ መሆን፣ ጭነት ከያዙት ከብቶችም ራቅ ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ባልደረባችን ይህንኑ ቆጠራ ቆጥሮ፣ ምሳው ገና ሳይቀርብ ተጓዦቹን ከጫፉ አወረደ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ብዙም ሳይርቅ መብረቅ የአንድ እረኛን በጎች ገደለ። ሆኖም በሒሳብ ማወራረጃው ላይ የተጻፈው «በመርሐ ግብሩ መሠረት ምሳ አልቀረበም» የሚል ብቻ ስለነበር ከመንገድ መሪው ሳይሆን ከአብሳይዋ ደመወዝ ተቀነሰ። ይህች ሴት ከባድ ድስትና ቡታጋዝ ይዛ በበረዶ ውስጥ ከወረደች በኋላ ማታውን ለሁሉም ትኩስ ሾርባ አዘጋጅታለች። ገንዘቧ እንዲመለስላት እንጠይቃለን።

ሁለተኛው አቤቱታችን ለተጓዦች ስለሚላከው የዕቃ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በበልግ መግቢያ ወደ ተራራ ለሚሄዱ የተዘጋጀ ነው ቢባልም ለእኛ ተራራ የተዘጋጀ አይመስልም። ከወር እስከ ወር በረዶ ተከምሮ በሚቆይበት አገር የሚያገለግለውን፣ በበረዶ ላይ ለመራመድ ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት ይጠይቃል፤ የዝናብ ልብስን ግን «እንደ አስፈላጊነቱ» ብሎ ያልፈዋል። በእኛ አገር በበልግ የሚወርደው በረዶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀልጦ ጭቃ የሚሆን ነው። የሚያስፈልገው መረሬ አፈር ላይ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ፣ ነፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ፣ እርጥብ ሲሆን ሙቀት የማያጣ የሱፍ ሹራብ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ደርቆ የሚቆይ ቅያሪ ካልሲና የሌሊት ልብስ ነው። ጥጥና ጂንስ ውሃ ጠጥተው ከሰውነት ላይ ሙቀት ይመጥጣሉ። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ሠርቶ የሚለብሰው፣ እረኛውም ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ደርቦ የሚውለው ይህን አየር ስለሚያውቀው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓድዋ በዓል ሰሞን የሆነውን ብንነግራችሁ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጡት ወጣቶች አውቶቡሳቸው ዘግይቶ ስለተነሣ በእግር መሄድ የጀመሩት 5 ሰዓት ላይ ነበር። አብዛኞቹ ጂንስ ሱሪና ኮፍያ ያለው የጥጥ ሹራብ ለብሰዋል፤ የተላከላቸው ዝርዝርም ከዚህ የተሻለ አልጠየቃቸውም። 9 ሰዓት ሲሆን በረዶ ወረደ። ቀጥሎ የመጣው ዝናብ ጂንሱን ከእግራቸው ጋር አጣበቀው፤ ነፋሱም ፋታ አልሰጠም። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ መጀመሪያ ክፉኛ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። መንገድ መሪው ጠጋ ብሎ ሲያያት የጃኬቷን ዚፕ ለመሳብ ትታገላለች፤ ጣቶቿ ግን ዚፑን መያዝ አልቻሉም። ከየት ሰፈር እንደመጣች ሲጠይቃት ምላሷ ተሳሰረ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጧ ሲቆም ጓደኞቿ ተሻላት ብለው ደስ አላቸው።

መንገድ መሪው ግን መንቀጥቀጥ ያለ ምክንያት ሲቆም የባሰ ምልክት መሆኑን ያውቅ ነበርና ጉዞውን አቁሞ ወደ ቅርቡ የገበሬ ቤት አስገባት። ሴቶቹ እርጥቡን ልብስ አወለቁላት፤ ከመሬቱ ቅዝቃዜ የሚለያት አጎዛ አንጥፈው በባናና በጋቢ ጠቀለሏት፤ መዋጥ መቻሏን አረጋግጠውም ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ አጠጧት። የቤቱ አባወራ በደግነት አረቄ አቅርበው ነበር፤ አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጥ ሙቀትን ስለሚያባክን መንገድ መሪው በአክብሮት አልቀበልም አለ። እጅ እግሯን ማሸትንና እሳት ላይ ማስጠጋትንም ከለከለ። ልጅቷ ማታውን አገገመች፤ ቡድኑም በማግሥቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። በአሁኑ ውሳኔ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ለዚህ ሥራው የቀሪዎቹን ቀናት አበል ይቀጣ ነበር። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ የሚመጣው ይህ አደጋ ውርጭ እስኪሆን አይጠብቅም፤ እርጥብ ልብስ፣ ነፋስና ድካም ከተገናኙ ከዜሮ በላይ ባለ ሙቀትም ሰው ይገድላል።

ተጓዡ ከከተማ ሲነሣ በበራፉ ያለውን አየር አይቶ መልበሱ አይፈረድበትም፤ ልዩነቱን ሊነግረው የሚገባው አዘጋጁ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆኑ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፣ አቡዬ ሜዳም ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የሚባለው እዚያ ላይ ገና መጀመሪያው ነው። በ3,600 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማ በመሆኑ፣ በተለይ ከዝቅተኛ አገር የሚመጡ እንግዶች ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዛቸዋል፤ ምልክቱ እያለባቸው ደግሞ ወደ ላይ መውጣት የለባቸውም። ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ላይ አንድ ሌሊት ማደር ብዙ ችግር ይቀንሳል፤ መርሐ ግብሩ ግን ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ሰዉን በደረሰበት ቀን ወደ ተራራ ያስወጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ከመኪና ላይ ወርዶ ጫማ እያሰረ ወደ 3,500 ሜትር የሚጣደፍ ቡድን የመጀመሪያው ዝናብ ላይ ሲበተን አይተናል።

ሦስተኛው አቤቱታችን ስለ ሠራተኛው ነው፤ በዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን መናገር እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም እስካሁን በየትኛውም ስብሰባ ላይ ሲነሣ አልሰማንም። የበልግ መግቢያና ዐቢይ ጾም በአብዛኛው ይገናኛሉ። ከነጂዎቻችን ብዙዎቹ ሁዳዴን የሚጾሙ ናቸው፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ከጠዋት ጀምረው በቅሎ ይጭናሉ፣ ያራግፋሉ፣ አቀበት ይወጣሉ። ባዶ ሆድ ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበትን ማገዶ ያሳጣዋል፤ ዝናቡ ደግሞ የሚመጣው ልክ በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው። ማንም ጾሙን እንዲተው አንጠይቅም፤ ይህ የእያንዳንዱ ሰው የእምነቱ ጉዳይ ነው። የምንጠይቀው ጉዞው በማለዳ ተጀምሮ ነጂው ከ9 ሰዓት በፊት ከማደሪያው እንዲደርስ፣ ሲያፈጥርም ትኩስ የጾም ምግብ እንዲያገኝ ነው። አሁን የሚላከው ስንቅ ለተጓዦቹ በወተትና በእንቁላል የተዘጋጀ ሲሆን ለነጂው የሚተርፈው ከቤቱ በስልቻ የያዘው ቆሎና በሶ ብቻ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ተልባ መጨመር ለአዘጋጁ ከባድ ወጪ አይደለም።

አለባበሱም እንዲሁ ነው። ለተጓዥ ድንኳንና የእንቅልፍ ከረጢት ይቀርባል፤ ነጂው በፕላስቲክ ጫማና በአንዲት ጋቢ ከከብቶቹ አጠገብ ያድራል። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፣ ዝናብ ከጠጣ ግን ጥጥ ነውና ከብዶ ይቀዘቅዛል፤ እስኪነጋም አይደርቅም። በአንድ የመጋቢት ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ነጂዎቹ ወደ ምግብ ማብሰያው ድንኳን ለመግባት ጠይቀው ዕቃ ይበላሻል ተብለው ተከልክለዋል። ሌሊቱን በኮርቻ ላስቲክ ሥር ተጠጋግተው ቁጭ ብለው ያነጉት ሰዎች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጭነው መነሣት ነበረባቸው። ከእነሱ አንዱ ሳንባ ምች ይዞት ሳምንታት ተኝቷል፤ መድኃኒቱን አዋጥተን የገዛንለት እኛ ነን። ተራራውን የሚያውቅ ሰው ብርዱን ይለምደዋል የሚል አነጋገር ከኃላፊዎች አፍ ሰምተናል። ብርድ የሚለመደው ልብስና እሳት ሲኖር ነው።

ከብቶቹን በተመለከተ ደግሞ ያለው ጉዳይ አጭር ነው። ጉም በወረደበት ቀን መንገድ መሪው ቡድኑን ከአፋፉ ራቅ አድርጎ ለማስቀመጥና ጉሙ እስኪገለጥ ለመጠበቅ ቢወስንም፣ ከታች ያለው አስተባባሪ መኪና እየጠበቀ ነው በማለት በስልክ አጣድፎ አስነሣው። በዚያ ጉዞ አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ ገደል ገባች። ለጠፋው የተጓዥ ሻንጣ ካሣ ተከፈለ፤ ለበቅሎዋ አልተከፈለም። በቅሎ ለነጂው ማለት ጥሪቱ በሙሉ ናት፤ ያ ሰው ዛሬ በሰው ከብት በቀን ክፍያ ይሠራል።

ስለ ትንበያም አንድ ነገር እንበል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የወርና የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል፤ ከጉዞ በፊት ይህን አንብቦ መነሣት ተገቢ ነው። ነገር ግን በስልክ ላይ ለደብረ ብርሃን የሚታየው ትንበያ ከከተማው ብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ ነፋስ ለሚመታው ጋራ የሚሠራ ተደርጎ መቅረብ የለበትም። በአብዛኛው መንገዳችን ላይ የስልክ ኔትወርክ ስለማይገኝ ጠዋት የተነበበ ትንበያ ከሰዓት በኋላ ቢቀየር የምናውቅበት መንገድ የለም። የመገናኛ ሬዲዮ ይሰጠን ብለን ደጋግመን ጠይቀናል፤ በጀት የለም ተብለናል። በዚያው ዓመት ግን የጉዞው ማስታወቂያ በትልልቅ ሰሌዳ ታትሞ በየመንገዱ ተሰቅሏል።

ይህ ሁሉ ሲደመር የሚያመለክተው ውሳኔው ከተራራው ርቆ መወሰዱን ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቅ፣ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስኑት በዚያው አገር የሚኖሩ፣ ሣሩንና ዝናቡን በዐይናቸው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት እንግዳ የሚመጣበት ጓሳ ለዚህ የበቃው በዚያ ጥበቃ ነው። ደመናውን ፊት ለፊት የሚያየው ሰው የመወሰን ሥልጣን ይኑረው ማለታችን ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያና ከሁሉ በላይ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት ጉዞ ያቋረጠ፣ ያዘገየ ወይም መንገድ የቀየረ መንገድ መሪ፣ አብሮት ያሉ ነጂዎችና አብሳዮችም ሙሉ አበላቸው እንዲከፈላቸው፤ ይህም በጽሑፍ ተረጋግጦ ለተጓዦችም ከክፍያ በፊት እንዲነገራቸው። ውሳኔው አላግባብ ነበር የሚል ተጓዥ ካለ ጉዞው ካበቃ በኋላ መንገድ መሪዎችም በተወከሉበት አካል ይታይ፤ ተራራው ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የመንገድ መሪው ይሁን፤ ከታች ሆኖ በስልክ የሚያጣድፈው ሰው ይከልከል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚደረጉ ጉዞዎች መርሐ ግብር እንደገና ይዘጋጅ፤ መነሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ምሳው ከጫፉ በታች በተከለለ ቦታ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ ቢያንስ አንድ መጠባበቂያ ቀን ይያዝለት፤ ከ2,500 ሜትር በላይ አንድ ሌሊት ያላደረ ቡድንም ወደ ከፍተኛው ጋራ አይውጣ። የዕቃው ዝርዝር ከእኛ ጋር ተመካክሮ ይጻፍ፤ በተነሣንበት ቦታ ላይ ዕቃውን ፈትሸን የዝናብና የሱፍ ልብስ የሌለውን ሰው ለማስቀረት ወይም በኪራይ ለማልበስ ሥልጣን ይሰጠን።

ለነጂዎችና ለአብሳዮች የዝናብ ልብስ፣ ቦት ጫማ፣ ብርድ ልብስና የማደሪያ ድንኳን ይቅረብ፤ በጾም ወራት የጾም ስንቅ ይያዝላቸው፤ በሥራ ላይ ለሚሞት ወይም ለሚጎዳ የጋማ ከብት ካሣ የሚከፈልበት ደንብ ይውጣ፤ ከላይ ለጠቀስነው ነጂም ይከፈለው። ለየቡድኑ አንድ የመገናኛ ሬዲዮና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ይሰጥ፤ በቅዝቃዜ ለተጎዳ ሰው ስለሚደረግ ዕርዳታና ስለ መብረቅ አደጋም በየዓመቱ ከጥር ወር ሳያልፍ ሥልጠና ይዘጋጅልን።

እነዚህ ጥያቄዎች የሚቀጥለው ቡድን ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ እንዲመለሱልን እንጠይቃለን። ለመነጋገር በጠራችሁን ቀን በምትሉት ቦታ እንገኛለን፤ ውሳኔው እስኪሻር ድረስ ግን ጥቁር ደመና በተጠጋበት ጋራ ላይ ተጓዥ ይዘን አንወጣም።

ከአክብሮት ጋር

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚሠሩ መንገድ መሪዎችን፣ የጋማ ከብት ነጂዎችንና የጉዞ ምግብ አብሳዮችን በመወከል
የመንገድ መሪዎች ተጠሪ